የትንፋሽ ዓምድ ለምን ሁልጊዜ 20 ይሆናል?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ለሆስፒታሎች ስለተሰጡ አዳዲስ የሕክምና መሣሪያዎች ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤ ደስ ብሎኛል። መሣሪያ መጣ ሲባል የሚከፋው ሰው የለም። እኔ የነርስነት ሙያ መምህር ነኝ፤ ተማሪዎቼን ለተግባር ልምምድ ይዤ በጎጃም ሆስፒታሎች የአዋቂዎች ዋርድ ስመላለስ ዓመታት ተቆጥረዋል። ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ግን ከውጭ የሚገዛ መሣሪያ አይጠይቅም። ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓትና አንድ ደቂቃ ይበቃዋል።

በአንድ ዋርድ የተኙ ታካሚዎችን ቻርት ሰብስባችሁ የቫይታል ሳይን ሰንጠረዡን (ሙቀት፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊትና ትንፋሽ የሚመዘገቡበትን) ተመልከቱ። ሙቀቱ 36.8፣ 38.4፣ 37.1 እያለ ከሰው ሰው ይለያያል። የልብ ምቱ እዚህ 76፣ እዚያ 112 ነው። የደም ግፊቱም እንደየሰው ነው። በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደተነፈሱ የሚጻፍበት የትንፋሽ ዓምድ ላይ ስትደርሱ ግን 20፣ 20፣ 20፣ አልፎ አልፎ ለማሳመር ያህል 22 ታገኛላችሁ። በሳንባ ምች ሌሊቱን ሲያቃስቱ ያደሩት አባት 20 ናቸው። ነገ ወደ ቤቱ የሚሄደውና ከአስታማሚው ጋር እየተሳሳቀ የሚበላው ወጣትም 20 ነው። ዋርዱ በሙሉ እንደ ደብር መዘምራን በአንድ ምት ይተነፍሳል።

ቁጥሩ በዘፈቀደ የተመረጠ እንዳይመስላችሁ። ዕረፍት ላይ ያለ ጤነኛ አዋቂ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። 20 የጤነኛው ወሰን የመጨረሻ ጫፍ ስለሆነ ማንንም አያስደነግጥም፤ ታካሚው ትንሽ ፈጠን ብሎ ሲተነፍስ ያየ ሰውም ውሸት ነው ብሎ አይከራከርም።

ጉዳዩን ከባድ የሚያደርገው ትንፋሽ ቀድሞ የሚናገር ምልክት መሆኑ ነው። የአዋቂ ሰው የደም ግፊት ሰውነቱ እየታገለ ለሰዓታት ደህና መስሎ ሊቆይ ይችላል፤ ሲወርድ ብዙ ጊዜ ነገሩ መሽቷል። ትንፋሽ ግን ሳንባ ሲታመም፣ ልብ ሲደክም፣ ኢንፌክሽን በደም ሲሰራጭ ቀድሞ ይፈጥናል። የሳንባ ምች የያዘው አዋቂ በደቂቃ 30 እና ከዚያ በላይ መተንፈሱ በሽታው ለመጽናቱ ከሚቆጠሩ ምልክቶች አንዱ ነው። በኢንፌክሽን የተጠረጠረ ታካሚ ደግሞ 22 ሲደርስ ነርሷ ትኩረት መስጠት ይኖርባታል። የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን አቋርጦ ደሙ ወደ አሲድነት ሲያዘነብል ትንፋሹ ጥልቅና ፈጣን ይሆናል፤ ላቦራቶሪው በተዘጋበት ሌሊት ተረኛዋ ነርስ ችግሩን የምትጠረጥረው አጠገቡ ቆማ ይህን ስታይ ነው። በቻርቱ ላይ 20 ተብሎ ከተጻፈ ግን በማግሥቱ የሚመጣው ሐኪም ሌሊቱን ሰላም አድሯል ብሎ ያልፋል።

«ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ አለን» የሚሉኝ አሉ። እርሱ የሚለካው ሌላ ነገር ነው። በደቂቃ 32 ጊዜ እየተነፈሰ የሚታገል ሰው በዚያው ትግሉ ምክንያት በደሙ ያለው ኦክስጅን 94 በመቶ ላይ ሊቆምለት ይችላል፤ የሚደክምበት ሰዓት ሲመጣ ቁጥሩ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። በዚያ ላይ አገራችን ደጋ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከጮቄ ተራራ ግርጌ የሚመጣው ታካሚ ደግሞ ከዚያም ከፍ ካለ ቦታ ነው የመጣው። በዚህ ከፍታ የሚኖር ጤነኛ ሰው የኦክስጅን መጠን በባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው ከተጻፈው ዝቅ ሊል ይችላል። በክረምት ደግሞ የቀዘቀዘ ጣትና ቀለም የተቀባ ጥፍር መለኪያውን ያሳስቱታል። መሣሪያው ይጠቅማል፤ የዓይንን ሥራ ግን አይተካም።

ታዲያ ለምን አይቆጠርም? ነርሶችን ሰነፍ ብሎ መዝለፍ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አላደርገውም። ሌሊት አንዲት ነርስ ሙሉ ዋርድ ይዛ፣ መድኃኒት እያዘጋጀች፣ ግሉኮስ እየቀየረች፣ በመካከል «ሲስተር፣ አባቴ አመማቸው» የሚል አስታማሚ ተከትላ እየሮጠች ታድራለች። ሙቀቱንና የደም ግፊቱን መሣሪያ ያነብላታል። ትንፋሽ ግን አንድ ደቂቃ ሙሉ መቆምን ይጠይቃል። ታካሚውም እስከ አፍንጫው ጋቢ ተከናንቧል። በተጨማሪም ጠዋት በራውንድ (ታካሚዎች በየአልጋቸው ሲጎበኙ) ሐኪሙ የሚጠይቀው ስለ ትኩሳቱና ስለ ግፊቱ ነው፤ ትንፋሹ ስንት ነበር ሲባል የሰማሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ቁጥጥር የሚመጡ ኃላፊዎች ደግሞ የሚያዩት ሣጥኖቹ መሞላታቸውን ነው። 20 ደግሞ ሣጥን ይሞላል። ተማሪዎቼ በልምምድ ክፍል ውስጥ አሳምረው መቁጠር ተምረው ይወጣሉ፤ ዋርድ ገብተው ትንሽ ሲሰነብቱ ግን እነርሱም 20 መጻፍ ይጀምራሉ።

አቆጣጠሩ ጥበብ አለው። ለታካሚው «ትንፋሽዎን ልቁጠር» ካሉት አተነፋፈሱ ወዲያው ይለወጣል። ስለዚህ የእጅ አንጓውን ይዞ የልብ ምት የሚቆጥሩ መስሎ ደረቱን ማየት ነው። ጋቢውን «እማማ፣ ትንሽ ዝቅ ላድርግልዎ» ብሎ ማውረድ፣ ከበረደ ደግሞ የራሳቸውን እጅ በደረታቸው ላይ አሳርፎ መነሣት መውረዱን መቁጠር ይቻላል። ስልሳ ሰከንድ ሙሉ ቢሆን ይመረጣል፤ በተለይ አተነፋፈሱ ለሚዘበራረቅ ሰው አሥራ አምስት ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ያሳስታል።

ጥያቄዎቻችንም ከቅጽ ላይ የተገለበጡ ናቸው። የልብ ድካም ያለበት ሰው ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል። እንዲህ ያለውን የገጠር አባት «ስንት ትራስ ይጠቀማሉ?» ብለው ሲጠይቁት «አንድ» ይላል፤ ቤቱ ያለው አንድ ስለሆነ ነው እንጂ ሌሊቱን በመደቡ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚያድረው። «ጋደም ብለው ያድራሉ ወይስ ተቀምጠው?» ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያም ወደ ባለቤቱ ዞር ማለት ይሻላል። «እንዴት አደሩ?» ለሚለው መልሱ ምንጊዜም «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ይህን ለመጨረስ በመካከል ትንፋሽ መውሰድ ካስፈለጋቸው ግን ነርሷ የፈለገችውን አግኝታለች።

ስለ ደም ግፊት ብዙ አልልም። ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ የደረሰን ሰው ሳይቀመጥ፣ በሹራብ እጅጌ ላይ ጠቅልለው ለክተው «ግፊት አለብህ» የሚሉ ቦታዎች መኖራቸውን አንባቢዎቻችሁም ያውቃሉ። አምስት ደቂቃ ማስቀመጥና ክንዱን ማራቆት ገንዘብ አያስወጣም። የስኳር ታካሚን ጫማ አስወልቆ እግሩን ስለማየት ደግሞ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ያስፈልጋል።

በየዋርዱ ሰከንድ የሚያሳይ የግድግዳ ሰዓት ይሰቀል፤ ዋጋው ከመሣሪያዎቹ ጋር አይወዳደርም። ሐኪሞች በራውንድ ላይ ትንፋሽን ይጠይቁ። ከሁሉ በላይ ግን ያልተቆጠረ ትንፋሽ ሣጥኑ ባዶ ይተው እላለሁ። ይህን ስል የሚቆጡኝ የሙያ ባልደረቦች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ባዶ ቻርት ያስቀጣልና። ሆኖም ባዶ ሣጥን ያየች ተረኛ ቀርባ ትቆጥራለች፤ 20 የተጻፈበትን ያየች ግን ቆማም አታይም። ስለዚህ የጤና ቢሮ ኃላፊዎች ለቁጥጥር ሲመጡ የተሞሉ ሣጥኖችን መቁጠሩን ትተው ከሰንጠረዡ አንድ ስም ይምረጡ፤ ወደዚያ አልጋ ሄደው፣ ሰዓታቸውን አይተው፣ የታካሚውን ትንፋሽ ራሳቸው ይቁጠሩ፤ ከዚያም ከቻርቱ ጋር ያስተያዩት።

ከአክብሮት ጋር
የነርስነት ሙያ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ