ቡዳን ከሎክ ኔስ ጭራቅ ጎን አታሰልፉት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። ባለፈው ሳምንት መሀል ገጽ ላይ ስለ ዓለም ጭራቆች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ፣ እውነት ለመናገር እስከ ግማሹ ድረስ ደስ እያለኝ ነው ያነበብኩት፣ ልጄም አጠገቤ ቁጭ ብላ ሥዕሎቹን እያየች ነበር። የጃፓኑ ካፓ፣ የሂማላያው የቲ፣ የፖርቶ ሪኮው ቹፓካብራ፣ ሁሉም አሪፍ ነበር። ከዛ ገጹን ስገልጠው የኛ አገር ተራ ደረሰና "የጅብ ሰው" የሚል ርዕስ፣ ከሥሩ ደሞ ወናፍ የያዘ ቀጥቃጭ ግማሽ ፊቱ የሰው ግማሽ ፊቱ የጅብ ሆኖ ተስሎ አየሁ። ልጄ "ይሄኛው የት ነው የሚኖረው?" አለችኝ። መልስ አጣሁና ጋዜጣውን አጠፍኩት።

አያቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ጎጃም ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ የሚቆምበት ትንሽ ከተማ ነው ያደግኩት፣ አያቴ ጀበናና ምጣዷን ዘርግታ የምትቀመጠው ከገበያው ዳር፣ ከፍየል ተራውም አልፎ ነበር፣ እዛ ተቀመጪ ብሎ የፈረደባት ሰው የለም ግን ቦታዋን ሁሉም ያውቀዋል፣ እሷም ታውቀዋለች። ሴቶቹ ይመጡና ጀበናውን አንስተው በጣታቸው ቋ ቋ አድርገው ያዳምጡታል፣ የተሰነጠቀ ከሆነ ድምፁ ይታፈናል፣ በደንብ የተቃጠለ ከሆነ ጥርት ብሎ ይሰማል። ልጅ ያዘለች ሴት ግን ገና ሳትጠጋ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ የልጇን ፊት ትሸፍናለች። ይሄን በዓይኔ ነው ያየሁት፣ ሰባት ወይ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ፀሐይ እንዳይመታው መስሎኝ አያቴን ስጠይቃት ዝም አለችኝ። በሷ ምጣድ እንጀራ ይጋገራል፣ በሷ ጀበና ቡና ይፈላል፣ እሷ ግን ልጃቸውን ቀና ብላ ማየት አትችልም። ስለዚህ አንገቷን ደፍታ መሸጥ ለመደች፣ ብር ስትቀበል እንኳን የሰውየውን እጅ እንጂ ፊቱን አታይም ነበር።

ቡዳ አመድ ላይ ተንከባሎ ጅብ ይሆናል፣ ማታ መቃብር ይቆፍራል፣ የሆነ ቦታ የተገደለ ጅብ ጆሮው ላይ ሎቲ ተገኘ፣ እነዚህን እኔም ስሰማ ነው ያደግኩት፣ እናንተም አሳምራችሁ ጽፋችኋቸዋል። ያልጻፋችሁት ከተረቱ ቀጥሎ የሚመጣውን ነው። አንድ ሰው ድንገት ሲያመው ቡዳ በልቶት ነው ይባልና ጭስ ይታጠናል፣ ጤና አዳም ያሸቱታል፣ ከዛ "ማነው የበላህ?" እያሉ ወጥረው ይይዙታል፣ በሽተኛው ሲለፈልፍ የሰው ስም ይጠራል። ስሙ ሲጠራ የሰማሁት የቀጥቃጩን፣ የፋቂውን፣ የሸክላ ሠሪዋን ነው። አክስቴ ሽማግሌ ተልኮላት፣ ቀን ተቆርጦ፣ ጠላው ሁሉ ተጠንስሶ ነበር፣ በወንዱ በኩል ዘር ሲቆጠር "የሸክላ ሠሪ ልጅ" ተባለና ሰርጉ ቀረ፣ ጠላውን ጎረቤት እንኳ አልጠጣልንም።

እስቲ ሎክ ኔስ ከሚባለው የስኮትላንድ ሐይቅ ጭራቅ ጋር አስተያዩት። እሱን እኮ ዓለም ያወቀው በጋዜጣ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1933 እዛው ስኮትላንድ የሚታተም የኢንቨርነስ ጋዜጣ ሐይቁ ውስጥ ጭራቅ ታየ ብሎ ጻፈ፣ በዓመቱ የለንደን ጋዜጣ አንገቱን ከውሃ ያወጣ እንስሳ ፎቶ አወጣ፣ ፎቶው ደሞ መጫወቻ ሰርጓጅ መርከብ ላይ አንገት ተቀጥሎበት የተነሳ መሆኑ በ1994 ታወቀ። ስልሳ ዓመት ሰው ተከራከረበት፣ ቱሪስት ጎረፈ፣ ግን በሱ ምክንያት ልጁ የተሸፈነበት ጎረቤት የለም። ጭራቁ ሐይቅ ውስጥ ነው፣ ሰው ላይ አልተለጠፈም። ልዩነቱ እሱ ነው።

ሰው ላይ ሲለጠፍ ምን እንደሚሆን ሌላውም ዓለም ያውቀዋል። ጀርመን ቤድቡርግ አካባቢ ፒተር ስቱምፕ የሚባል ገበሬ ተኩላ እየሆነ ሰው ይበላል ተብሎ ተይዞ፣ በማሰቃየት አምኗል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1589 በአሰቃቂ ሁኔታ ተገደለ፣ ልጁንም አብረው ቀጧት። ይሄ የድሮ ነው እንዳትሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ማላዊ ውስጥ ደም መጣጮች ገብተዋል የሚል ወሬ ተነስቶ መንገድ የሚዘጉ ቡድኖች ሰዎች ገደሉ፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሳይቀር ከሁለት ወረዳዎች ሠራተኞቹን አስወጣ። እናንተ ተኩላ ሰውንም ደም መጣጩንም ጽፋችኋል፣ የተገደሉትን ግን አንድ መስመር እንኳን አልሰጣችኋቸውም።

ደሞ ለምን ቀጥቃጭ? ለምን ሸክላ ሠሪ? መሬት የሌለው ሰው ነው ወደ እጅ ሥራ የሚገፋው። ቤተ እስራኤሎችን ብናይ ክርስትና አንነሳም ብለው ርስታቸውን አጡ፣ ብረትና ሸክላ ሠርተው ኖሩ፣ ከዛ በሠሩት ሥራ ቡዳ ተባሉ። ጎንደር መውጫ ላይ ወለቃ የሄደ ሰው ያውቃል፣ አብዛኞቹ እስራኤል ከገቡ በኋላም የሸክላ ሥራው እዛው መንገድ ዳር ይሸጣል። "ጠይብ" የሚለው ስድብ ራሱ ከ"ጠቢብ" ጋር ዘመድ ነው፣ ይሄን ሳስበው ሁሌ ይከነክነኛል፣ ጥበብ የሚለውን ቃል ወስደን ስድብ አደረግነው። አፄ ምኒልክ እኮ በ1900 ዓ.ም. ይሄን ነገር በአዋጅ ከልክለውት ነበር፣ ብረት ሠሪውን ጠይብ እያላችሁ አትስደቡ፣ የሚሰድበው እኔን እንደሰደበ ነው፣ አንድ ዓመት ይታሰራል ብለው። ይኸው መቶ ምናምን ዓመት አለፈው።

ጅቡም ቢሆን በየአገሩ አንድ ዓይነት ስም የለውም። ሐረር ላይ ጅብ ጂን ይበላል ይባላል፣ በአሹራ ገንፎ ይቀርብለታል፣ ማታ ማታ ሥጋ ሲያጎርሱት ቱሪስት ቆሞ ያያል። ይሄን ብትጽፉት ኖሮ ልጄ ምን ያህል በተደሰተች።

የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። ያንን የቀጥቃጭ ሥዕል በሚቀጥለው እትም ስህተት ነበር በሉልን፣ በዛው ገጽ በዛው መጠን፣ ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል አይደለም። ሁለተኛ አንድ ሪፖርተር ላኩና ሸክላ ሠሪ ወይ ቀጥቃጭ ራሱ ይናገር፣ እስካሁን ስለነሱ ሌላ ሰው ነው ሲያወራ የኖረው።

አያቴ ጀበናውን ከማቃጠሏ በፊት የምታለሰልስበት የወንዝ ድንጋይ ነበራት፣ ከእንቁላል ትንሽ ከፍ የሚል ጥቁር ድንጋይ፣ አንድ ጎኑ በአውራ ጣቷ ልክ ጎድጉዷል። አሁን እኔ ጋ ነው ያለው። ለልጄ ሰጥቻት ጣቷን ጉድጓዱ ውስጥ ስትከት ሰፋት። ፎቶ ማንሳት ከፈለጋችሁ ቢሯችሁ ድረስ ይዤው እመጣለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ