ጭልፋው ስንት ግራም ይይዛል? የተማሪዎችን ምግብና ጤና ለሚመረምር ጥናት የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

አንድ ተማሪ በዩኒቨርሲቲ ካፌ ለምሳ ስንት ግራም ሽሮ ይደርሰዋል? በወረቀት ላይ መልሱ አለ፤ የምግብ ዝርዝሩ ለአንድ ሰው ይህን ያህል ዱቄት፣ ይህን ያህል ዘይት ብሎ ያስቀምጣል። ሳህኑ ላይ የሚያርፈው ከዝርዝሩ ጋር መግጠሙን ለማወቅ ግን መመዘን ያስፈልጋል። ወጡ ለብዙ መቶ ሰው በአንድ ድስት ይሠራል፤ ወፍራሙ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ካልተማሰለ ቀድሞ የተሰለፈው ቀጭኑን፣ ዘግይቶ የደረሰው ደግሞ አተላውን ይወስዳል። ድጋፋችሁን የምንጠይቀው ያንን ሳህን ለመመዘን ነው፤ ከሳህኑም ጋር የሚበላውን ተማሪ ደምና የመንፈስ ሁኔታ አብሮ ለማየት።

የወጪ መጋራት ሥርዓት ከተጀመረ ወዲህ ተማሪው የሚበላው ምጽዋት አይደለም። የምግቡና የመኝታው ወጪ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ የሚከፍለው ዕዳ ነው። ለአንድ ተማሪ የሚመደበው የቀን የምግብ ተመን ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ማለቱ ትልቅ እርምጃ እንደሆነ እናምናለን። ሆኖም ብሩ ሲጨምር ጭልፋው ውስጥ ምን እንደጨመረ ካልተለካ፣ ገበያው ልዩነቱን ስንት እጅ እንደበላው ማንም በቁጥር ሊናገር አይችልም።

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ስለተማሪዎች የምግብ ዋስትና የሚደረጉ ጥናቶች አብዛኞቹ በአንድ ጊዜ መጠይቅ የሚያልቁ ናቸው። ከመጠይቁ ይልቅ የሚያሳስበን ናሙናው ነው። ተማሪዎች በካፌው የመመገቢያ ካርድ (ሚል ካርድ) መዝገብ ሲመረጡ ነን ካፌ የሆኑት፣ ማለትም የምግብ ተመናቸውን በገንዘብ ተቀብለው ከካፌ ውጭ የሚበሉት፣ በሙሉ ከጥናቱ ይወጣሉ። ከእነሱ መካከል ቤተሰቡ ደህና የሚልክለት አለ፤ ገንዘቡን ተቀብሎ ለእህቱ ደብተር የላከና በቀን አንዴ ዳቦ በሻይ የሚበላም ይኖራል። ስለዚህ ስም የምናወጣው ከሬጅስትራር ዝርዝር ነው። ሁለተኛው ቀዳዳ ደግሞ በሴሚስተሩ መካከል ያቋረጡት ናቸው። ከባዱ ችግር የደረሰባቸው ቀድመው ሄደው ሊሆን ይችላል፤ በሰኔ የሚጠይቅ አጥኚ አያገኛቸውም። በመጀመሪያው ዙር የተመዘገቡትን በሁለተኛው ዙር በስልክ ለመከታተል የአየር ሰዓት የምንጠይቀው ለዚህ ነው።

ጥናቱ በሁለት ግቢዎች ይካሄዳል፦ አንዱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ባሕር ዳር፣ ሌላው ከ2,700 ሜትር በላይ ባለችው ደብረ ብርሃን። ከየግቢው 300፣ በድምሩ 600 ተማሪዎች ይመረጣሉ። ሁሉም ሁለት ጊዜ፣ በዐቢይ ጾም ወቅትና ከፋሲካ በኋላ ይታያሉ። የ55ቱ ቀን ጾም ከጾመኛው ሳህን ሥጋም እንቁላልም የሚጠፋበት ጊዜ ስለሆነ ልዩነቱ ከታየ እዚያ ነው የሚታየው። በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. እንደሆነው ረመዳን ከዐቢይ ጾም ጋር ሲደራረብ የሙስሊም ተማሪዎች የስሑርና የኢፍጣር ሳህን በየራሱ ሰዓት ለብቻ ይመዘናል፤ ከምሳው ጋር ቀላቅሎ ማስላት ሁለቱንም ያበላሻል።

አመዛዘኑ እንዲህ ነው። በእያንዳንዱ ምግብ ሰዓት 12 ሳህን ይወሰዳል፦ ከሰልፉ መጀመሪያ 4፣ ከመካከል 4፣ ከመጨረሻ 4። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለሰባት ቀን፣ በአንድ ዙር ከአንድ ግቢ 252 ሳህን ማለት ነው፤ በሁለት ግቢና በሁለት ዙር 1,008። እንጀራው ወጥ ሳይፈስበት በፊት ይመዘናል፤ ወጡን ከጠጣ በኋላ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ከዚያ ወጡ ይጨመራል፣ እንደገና ይመዘናል፣ ተማሪው በልቶ ሲጨርስ የተረፈውም ይመዘናል። ሚዛኑ ጠዋት ጠዋት በ500 ግራምና በ1 ኪሎ ድንጋይ ይፈተሻል። በወጥ ቤት እንፋሎትና በተዳከመ ባትሪ ሚዛን ቀስ እያለ ይዋሻል፤ ሳይፈተሽ የዋለ ቀን መረጃው ሁሉ ይጣላል።

ክብደት ብቻውን ግን አይበቃም፤ ወጥ በውኃም ይከብዳልና። እንጀራም ቢሆን ከግማሽ በላይ ክብደቱ ውኃ ነው። ስለዚህ ከምሳና ከእራት ወጥ ከድስቱ ላይ፣ መካከልና ታች ሦስት ሦስት ናሙና ይቀዳል። ከእያንዳንዱ 10 ግራም በምድጃ በ105 ዲግሪ ሴልሺየስ ክብደቱ መለዋወጡን እስኪያቆም ይደርቃል። የቀረው ደረቅ ነገር ነው እውነተኛው ምግብ። ስለ ጥሬ ዕቃዎች ንጥረ ነገር የሚናገረው የአገራችን ሠንጠረዥ ሥራ ላይ የሚውለው ከዚህ በኋላ ነው።

መጠይቁ ላይ ቸኩሎ መሥራት ብዙ ያበላሻል። በሰፊው የሚሠራበት ባለ 9 ጥያቄ መለኪያ ስለ ቤተሰብ ምግብ ይጠይቃል፤ ዶርም ውስጥ ስድስት ሆነው የሚያድሩ ተማሪዎች ግን ቤተሰብ አይደሉም፣ ምግባቸውም የጋራ አይደለም። እኛ የምንጠቀመው የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ለግለሰብ ያዘጋጀውን ባለ 8 ጥያቄ መለኪያ ነው፤ ያለፉትን 30 ቀናት ይመለከታል። ጓደኛ እየሰማ “በገንዘብ እጦት ሳትበላ የዋልክበት ቀን አለ?” ተብሎ የሚጠየቅ ተማሪ የለም ይላል። ስለዚህ በታብሌት፣ ለብቻው፣ በመረጠው ቋንቋ ራሱ ይሞላዋል። ትርጉሙ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በሶማሊኛ ይዘጋጃል፤ ሌላ ሰው ወደ ዋናው ቋንቋ መልሶ ተርጉሞት ይመሳከራል።

ለድብርት ምልክቶች የሚሞላው ፒኤችኪው-9 የተባለ ባለ 9 ጥያቄ መጠይቅ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል። በፈተና ሰሞን ከተሞላ ረሃቡንና የፈተናውን ጭንቀት አይለይልንም፤ ስለዚህ ከፈተና ሳምንት ቢያንስ 15 ቀን ይርቃል። ዘጠነኛው ጥያቄ ራስን ስለመጉዳት ሐሳብ ነው። ለዚህ አዎ ያለ ተማሪ መልሱ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ ማደር የለበትም፤ በዚያው ቀን የሚያነጋግረው ባለሙያ ግቢው ውስጥ መኖር አለበት። በበጀቱ ውስጥ ፈጽሞ የማይነካው ክፍል ለዚህ ሥራ የተያዘው የሁለት አማካሪዎች አበል ነው።

ደሙ ላይ ከፍታው ወሳኝ ነው። ከፍ ባለ ቦታ ሰውነት ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ንጥረ ነገር) ይጨምራል፤ ስለዚህ የባሕር ጠለል መለኪያ በደብረ ብርሃን ብዙ ደም ማነስ ያለበትን ሰው ጤነኛ ያስመስላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት በዴሲሊትር 12 ግራም የሚለው መነሻ ከ1,500 እስከ 1,999 ሜትር ላይ 13.1፣ ከ2,500 እስከ 2,999 ሜትር ላይ 13.8 ይሆናል። ለወንድ 13 የሚለው 14.1 እና 14.8 ይሆናል። ከጣት ጫፍ የሚወሰድ ደም ርካሽ ነው፤ ጣት ሲጨመቅ ግን የሰውነት ፈሳሽ ተቀላቅሎ ውጤቱን ያዛባል። ከደም ሥር እንወስዳለን።

ጤፍ ብረት ይሞላል ስለሚባለውም አንድ ነገር ማስረዳት ይገባል። በጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት ብዙው በአውድማ ከአፈር የተቀላቀለ ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ ወደ ደም እምብዛም አይገባም። ፋይቴት የሚባለው ንጥረ ነገርም ብረቱን ይይዘዋል። እርሾው ሊጡን በደንብ ሲያቦካው ፋይቴቱ ይቀንሳል፣ ሊጥ ተቻኩሎ ሲጋገር ግን አይቀንስም። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ያባብሰዋል። በሠንጠረዥ ብቻ ብናሰላ ተማሪው ብረት የተረፈው ይመስለናል፤ ስለዚህ በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚያሳየውን ፌሪቲን እንለካለን። ፌሪቲን ግን በወባና በሌላ ሕመም ጊዜ የብረት ክምችቱ ሳይጨምር ከፍ ስለሚል የብግነት (የሰውነት መቆጣት) ምልክት የሆነው ሲአርፒ አብሮ ይለካል። ለጤነኛ ሰው በሊትር ከ15 ማይክሮግራም በታች፣ ብግነት ላለበት ከ70 በታች ሲሆን እጥረት ነው።

የምንፈልገው እንግዲህ ይህ ነው። ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ የሚያስፈልገንን የምንዘረዝረው በብር መጠን ሳይሆን በዕቃ ነው። እስከ 5 ኪሎ የሚመዝኑ፣ 1 ግራም የሚለዩ 6 ዲጂታል ሚዛኖች፤ አራቱ ለሥራ፣ ሁለቱ ለመጠባበቂያ። ለማድረቂያ 100 የአሉሚኒየም ሳህን። 8 ታብሌት። 2 የሄሞግሎቢን መለኪያ መሣሪያ። ለመሣሪያው ደም የሚገባባቸው ኩቬቶች 1,200፣ ለሚበላሸው 120 ተጨምሮ 1,320፤ 50 50 ሆነው ስለሚታሸጉ 27 እሽግ። ለ200 ሰው የፌሪቲንና የሲአርፒ ምርመራ፤ ሴረሙ (ከደሙ የሚለየው ፈሳሽ) በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች መቀመጥ ስላለበት ለመብራት መጥፋት የሚሆን የጄኔሬተር ነዳጅም።

በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በገልፍ አገሮች ያላችሁ የእነዚህ ግቢዎች ተመራቂዎች ከምታስቡት በላይ ትጠቅማላችሁ፤ ነገር ግን ዕቃ ከመላካችሁ በፊት ጠይቁን። ከአሜሪካ የሚመጣ በ110 ቮልት ብቻ የሚሠራ መሣሪያ በኛ 220 ቮልት ይቃጠላል፤ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ይመረጣል። ኩቬት ሙቀትና እርጥበት ያበላሸዋል፣ የተከፈተ እሽግም ብዙ አይቆይም፤ ቀኑ ሊያልፍ የተቃረበ፣ ወይም የተከፈተ አትላኩ። የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ ይያዝ። መድኃኒትና የብረት እንክብል አንቀበልም። ደም ማነስ የተገኘበት ተማሪ ውጤቱ ተጽፎ ለግቢው ክሊኒክ ይላካል፣ ሕክምናውም የሐኪም ነው።

በገንዘብ የሚሰጥ ድጋፍ የሚገባው ሦስት ሰው ካልፈረመ በማይወጣበት የጋራ ሒሳብ ነው። የሒሳብ ቁጥሩን እዚህ አላሰፈርንም፤ የድጋፍ ጥሪ እጅ በእጅ ሲተላለፍ ቁጥሩ እየተቀየረ ብዙ ሰው ተጭበርብሯል። ቁጥሩን በየከተማው ካሉ አስተባባሪዎች ፊት ለፊት ተቀበሉ፣ ደረሰኝም ያዙ። ወጪው ከነደረሰኙ በየወሩ ለሁሉም ለጋሽ ይላካል።

የተሰበሰበው ካልሞላ የምንቀንስበት ቅደም ተከተል አስቀድሞ ተወስኗል። መጀመሪያ ፌሪቲኑ ይቀራል፤ ደም ማነሱ ከብረት እጥረት መምጣቱን በእርግጠኝነት መናገር አንችልም፣ ይህንንም በሪፖርቱ እንጽፋለን። ቀጥሎ የሁለተኛው ግቢ ናሙና ይቀንሳል። ሁለተኛው ዙር ግን አይሰረዝም፤ ያለ እሱ ጥናቱ እንደሌሎቹ የአንድ ቀን ፎቶግራፍ ነው። ሚዛኖቹ ጥናቱ ሲያልቅ ለየካፌዎቹ ወጥ ቤት ይቀራሉ፤ አመዛዘኑን ለወጥ ቤት ሠራተኞችና ለተማሪዎች ምግብ ኮሚቴ ሁለት ቀን እናሠለጥናለን። አዮዲን ያለው ጨው ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመሩን፣ ሻዩ ከምሳ ቢያንስ አንድ ሰዓት ዘግይቶ መቅረቡን፣ በጾም ቀን ከምስሩ ጎን ሎሚ ወይም ቃሪያ መኖሩን የሚመዘግብ አንድ ገጽ ቅጽም ከሚዛኖቹ ጋር ይቀራል።

ሙከራው በአንድ ግቢ ለሦስት ቀን ይጀመራል። ለዚያ የሚበቃን 2 ሚዛን፣ የሁለቱ መፈተሻ ድንጋዮችና 20 የማድረቂያ ሳህን ነው፤ ቀድሞ የሚደርሰን ድጋፍ ወደዚያ ይሄዳል።