ማስረጃውን አጥፉ ብላችሁ አትምከሩን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው እሁድ ሕፃናት በኢንተርኔት ስለሚደርስባቸው ጥቃት ያወጣችሁትን ዘገባ አንብበናል። ዳር ሰፈር ስማርት ስልክ ብርቅ ስለሆነ ችግሩ የቦሌ ልጆች ነው ብላችኋል። እግዜር ይስጥልን! ዘጋቢያችሁ ቱሉ ዲምቱ ብቅ የሚለው ውኃ ሲጠፋ ብቻ ነው፤ እናት ጉልት ስትውል ለልጇ ትታ የምትሄደውን ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ የት አይቶት!

እሱስ ይሁን፣ መረሳቱን ለምደነዋል። የማይታለፈው በሳጥን ያወጣችሁት ምክር ነው፦ «ልጅዎን በፎቶ የሚያስፈራራ ሰው ካለ መልእክቱን ወዲያው አጥፍተው ብሎክ ያድርጉት።» አስፈራሪው ራሱ ቢጽፈው ከዚህ አያሳምረውም።

ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን ንግግሩን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል። ስለዚህ ማስረጃውን ፈጥኖ መያዝ ነው እንጂ ማጥፋቱን አስፈራሪው ያውቅበታል። ዩዘርኔም በደቂቃ ስለሚቀየር ብቻውን አይረባም፤ ዛቻው ከነቀኑና ከነሰዓቱ፣ ስልክ ቁጥሩ ከታየም ቁጥሩ ስክሪንሹት ይደረግ። «ብር ላኩልኝ» ካለማ የሰጠው የባንክ ሒሳብ ወይም የቴሌብር ቁጥሩ ከሁሉ ይበልጣል፣ ከጀርባው የተመዘገበ ሰው አለና። (መላክ ግን አያስፈልግም፤ አንዴ የተከፈለው ተመልሶ ይጠይቃል።) ሴክሬት ቻት ከሆነ አንድሮይድ ላይ ስክሪንሹት አይሠራም፣ በሌላ ስልክ ፎቶ ማንሳት ነው። ብሎኩ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ።

የልጁ ራቁት ምስል ለብቻው ይታይ። ማንም አይቅዳው፣ «ምን ላድርግ?» ብሎ ለአጎት ለአክስት አይላከው፤ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 12 ማሰራጨቱ ብቻ ሳይሆን ይዞ መገኘቱም ያስጠይቃል። ልጁ ስልክ ላይ ያለው ግን ፖሊስ ጣቢያ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል እስኪያየው ባለበት ይቆይ። «ቴክ ኢት ዳውን» የተባለው የአሜሪካኖቹ ነፃ አገልግሎትም የሚሠራው ምስሉ ሲኖር ነው። ምስሉ ከስልኩ ሳይወጣ አሻራው (ከምስሉ ተሰልቶ የሚወጣ መለያ ኮድ) ብቻ ይላካል፣ ፌስቡክና ቲክቶክ በዚያ አሻራ እየለዩ ያነሱታል። አጥፉት ያላችሁት ወላጅ ምኑን አሻራ ያውጣ?

ደግሞ የደነገጠ ወላጅ ቀጥሎ የሚሮጠው ጥገና ቤት ነው፦ «ፎርማት አድርግልኝ!» ዛሬ ዛሬ አንድሮይድ ስልክ ውስጥ ያለው ዳታ የተቆለፈ ነው። ፎርማት ሲደረግ ቁልፉ አብሮ ይጠፋል፤ ስልኩ ላይ ብቻ የነበረውን የትኛውም ባለሙያ አይመልሰውም። አዋጁ አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታ (ማን ከማን ጋር መቼ እንደተገናኘ የሚያሳየውን መዝገብ) እንዲያቆዩ የሚያስገድደውም ቢያንስ ለ1 ዓመት ነው። «ስም ይጠፋል» ተብሎ ዓመት ካለፈ መርማሪው ምን ይዞ ይጠይቅ?

ማረሚያውን በዚያው ገጽ፣ በዚያው በደማቅ ፊደል አውጡልን።

ስልክ ጠጋኞች፣ ከቱሉ ዲምቱ