የጂኦግራፊ ክበብ፦ የሐረጎ ባዛልት እና የሳይቤሪያ እልቂት

የክበባችንን የዘንድሮ ሥራ የመራው የአንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ጥያቄ ነው። ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት በሳይቤሪያ የፈሰሰው ቅልጥ አለት አብዛኞቹን የባሕር ዝርያዎች እንዳጠፋ፣ የወሎ ተራሮችም ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት በዚያው ዓይነት ፍሰት እንደተገነቡ ሳስረዳ፣ «ታዲያ የእኛው ለምን አልፈጀም?» አለች።

ከመጽሐፍ በፊት ድንጋዩን ማየት ይቀድማልና ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው መንገድ ሐረጎ ላይ ወረድን። መንገድ ሠሪዎች በቆረጡት ገደል ላይ ቅልጥ አለት ቀዝቅዞ የሚሠራው ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት፣ ደርብ በደርብ ተነባብሯል። ልጆቹን የያዛቸው ግን በሁለት ደርብ መካከል ያለው ስስ ቀይ አፈር ነው። የታችኛው ፍሰት በዝናብና በፀሐይ አፈር እስኪሆን ቆይቶ፣ የላይኛው መጥቶ አቃጥሎታል። በጣታቸው እየነኩ ሲከራከሩ ማየት ለእኔ ከማንኛውም ፈተና ውጤት ይበልጥብኛል።

ጥያቄው ግን ገና አልተመለሰም። የኢትዮጵያው ፍሰት ትንሽ አይደለም፤ በአንዳንድ ቦታ 2 ኪሎ ሜትር ይወፍራል፣ አብዛኛውም በ1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ የፈሰሰ ነው። የሳይቤሪያው ግን በመጠን እጥፍ ድርብ ከመሆኑም በላይ በድንጋይ ከሰልና በጨው ክምችት ውስጥ ሰርጎ አቃጠላቸው። የወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምድርን አሞቀ፤ ባሕሩም ኦክስጅን አጣ፣ አሲድነቱም ጨመረ። የኬሚስትሪው ባልደረባዬ የእንቁላል ቅርፊት ኮምጣጤ ውስጥ ሲከቱ፣ አረፋ እያወጣ ሲሳሳ ሁሉም አየ። የቀንድ አውጣና የዛጎል ዕጣ እንዲህ እንደነበር ያን ዕለት ያልገባው ተማሪ የለም።

በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ወደ አህጉራት መለያየት ተሻገርን። ከ201 ሚሊዮን ዓመት በፊት የአትላንቲክ ውቅያኖስ ከመከፈቱ አስቀድሞ ተመሳሳይ ፍሰትና እልቂት ነበር። የእኛም ፍሰት ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ መከፈት ጋር ይያያዛል። ጉዳዩ የጥንት ታሪክ ብቻ አይደለም፤ በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ዳባሁ 60 ኪሎ ሜትር የሚያህል መሬት ተሰንጥቆ ግራና ቀኙ እስከ 8 ሜትር ተራርቋል።

ለመጪው ዓመት አባላቱ የመረጡት ደላንታን ነው። በዚያ በወገል ጤና ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ የሚወጣው ከዚያው ዘመን የእሳተ ገሞራ አለት ነውና ምርጫቸውን ደግፌያለሁ። ጉድጓዶቹ ስለሚደረመሱ ግን ማንም ተማሪ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ድንጋዩን ከአውጪዎቹ እጅ እናያለን። የወላጆችን ፈቃድ ከወዲሁ እንጠይቃለን።