ለባቡሩ መስኮት መስታወት አታስቆርጡ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ ልጆች በክረምት እረፍታቸው ስለሚሠሯቸው ሞዴሎች ያወጣችሁትን ገጽ ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ዝም አላሰኘኝም። ለባቡሩ መስኮት «ቀጭን መስታወት ማስቆረጥ ነው» ብላችኋል። እኔ አዳማ ውስጥ 27 ዓመት መስታወት ቆርጬ ልጆች ያሳደግኩ ሰው ነኝ። የሙያ ጓደኞቼን ገበያ መዝጋት ቢሆንብኝም እናገራለሁ፤ አታስቆርጡ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ የድሮውን ባቡር ፉርጎዎች በ1 ለ 50 መሥራት ነው። የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበርና የእኔው 2 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። እስቲ ባለ 3 ሚሊ መስታወት በዚሁ ስሌት አስቡት። 15 ሳንቲ ሜትር! መስኮት ላይ ባለ 15 ብሎኬት እንደ መደርደር ነው። ፊት ለፊት ላይታወቅ ይችላል፤ በጎን ስታዩት ግን ጠርዙ አረንጓዴ ሆኖ ያፈጥባችኋል። የሲዲ ማቀፊያም ከ1 ሚሊ ስለሚበልጥ አያዋጣም።

መላውን ያገኘሁት ከራጅ ነው። አዎ፣ ሐኪም ቤት ከሚነሱት። የባለቤቴ የጉልበት ራጅ ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ሲጠጣ ስንት ዓመቱ (አስፈቅጄ ነው የወሰድኩት)። ውፍረቱ 0.18 ሚሊ ገደማ ነው፤ በእኔ ልክ 9 ሚሊ መሆኑ ነው፣ ያስኬዳል። በረኪና ውስጥ ሲዘፈዘፍ ጥቁሩ ሙልጭልጭ እያለ ይለቃል። በስፖንጅ አበስ ማድረግ፣ በውኃ ማለቅለቅ፣ አለቀ። ደጅ ላይ፣ በጓንት፣ በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር ሳይቀላቅሉ፤ ይሄ የአዋቂ ሥራ ነው። ድሮ በጨለማ ክፍል ይታጠብ የነበረውን ፈልጉ። ከኮምፒዩተር የሚታተሙትን ሞክሬ እምቢ ብለውኛል። የሚቀረው ላስቲክ ትንሽ ሰማያዊ ይላል፤ እኔ እንዲያውም እወደዋለሁ።

ፎቶ ኮፒ ቤት ለጥራዝ ሽፋን የሚሸጡት ላስቲክ ጥርት ያለ ነው፤ ግን የአዳማን ፀሐይ አይችልም። መስኮት ዳር የተውኩት ፉርጎ በአንድ ከሰዓት መስኮቶቹ እንደ ቋንጣ ተኮማተሩብኝ።

ከሁሉ የባሰው ማጣበቂያው ነው። የመጀመሪያውን ፉርጎዬን መስኮቶች በሱፐር ግሉ ለጠፍኩ፣ ጣሪያውን ከደንኩ፣ ተኛሁ። ጠዋት ሳየው በሙሉ ጉም ለብሷል። የልጅ ልጄ አየት አድርጎ «አባባ፣ ውስጥ ቡና እየተፈላ ነው እንዴ?» አለኝ። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ እንፋሎት ያወጣል፤ ያ እንፋሎት ላስቲኩ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀመጣል። ጣሪያውን መክደኔ ደግሞ አፍኖ አባሰው። የሦስት ሳምንት ሥራ! አሁን የአናጢ ነጭ ኮላ ብቻ ነው የምጠቀመው። ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ግን ጥርት ይላል። ከ5 ሚሊ ለማይበልጡ ትንንሽ መስኮቶች ላስቲክም አያስፈልግም። በስቴኪኒ ኮላ ነክሮ ቀዳዳው ላይ ከዳር ዳር መሳብ ነው፤ ስስ ሆኖ ይዘረጋና ሲደርቅ ራሱ መስታወት ይሆናል።

ደግሞ ማን ነው ሁሉም መስኮት ይዘጋ ያለው? እኔ ልጅ ሆኜ እዚሁ ናዝሬት ጣቢያ ባቡሩ ሲቆም መስኮቱ ሁሉ ክፍት ነበር። በዚያ ሙቀት ማን ይዘጋል? ሸንኮራና ብርቱካን የምንሸጠው በመስኮት ነው፤ ሳንቲሙም በመስኮት ነው የሚወረወርልን። አሁን የያዝኩት ፉርጎ 16 መስኮት አለው። 9ኙን ባዶ ተውኳቸው። ከአንዱ የሽቦ እጅ ወጥቷል። ለሸንኮራው ስቴኪኒ ሞከርኩ፣ ወፈረብኝ። የመጥረጊያ ጭራሮ ሳይሻል አይቀርም።

ጡረተኛው መስታወት ቆራጭ
ከአዳማ