ስለ ቻይና ዕፅዋትና ስለ ስትሮክ በወጣው ጽሑፍ ላይ የተሰጠ አስተያየት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የቻይና ባህላዊ መድኃኒት ስትሮክ የመታውን ሰው አንጎል ከጉዳት ሊጠብቅ እንደሚችል የሚገልጸውን ጽሑፋችሁን ባሕር ዳር ውስጥ እንደሚሠራ ፋርማሲስት በጥሞና አንብቤዋለሁ። ቻይናዊቷ ሳይንቲስት ቱ ዩዩ በ2015 የኖቤል ሽልማት የተሸለሙት የወባ መድኃኒት የሆነውን አርቴሚሲኒንን ከቻይና ዕፅ በማግኘታቸው ስለሆነና በየጤና ጣቢያው የሚሰጠው የወባ መድኃኒት ኮአርተምም ከዚያው የተገኘ ስለሆነ፣ በወባ ሲቸገር የኖረ የጣና ዳር ሰው ዕፅን ለማናናቅ ምክንያት የለውም። ቅሬታዬ ጽሑፉ ሁሉንም በአንድ ማሰሮ መቀቀሉ ነው።

የአንጎል ደም ሥር ሲደፈን ደም ያጣው የአንጎል ክፍል መሃሉ ወዲያው ይሞታል፤ ዙሪያው ግን ለሰዓታት ሊተርፍ ይችላል። ይህን ዙሪያ ያተርፋሉ ከተባሉት መካከል ዕፅዋትና የእንስሳት ተዋጽኦ የያዘው ኒውሮኤይድ በ1,100 ያህል የእስያ ሕሙማን ላይ ተሞክሮ፣ በ2013 በታተመው ውጤት መሠረት በሦስተኛው ወር መድኃኒትነት ከሌለው እንክብል የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ሴለሪ ከተባለው አትክልት ዘር የተገኘው ቡቲልፍታላይድ ግን በ2023 በታተመና 1,216 ቻይናውያን ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት፣ በጥሩ ሁኔታ ያገገሙት 56.7 በመቶ ሲሆኑ ካልወሰዱት ወገን 44 በመቶ ነበሩ። ሆኖም የተሰጠው በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ውስጥ፣ የረጋውን ደም ከሚያሟሟ ወይም ከሚያወጣ የሆስፒታል ሕክምና ጋር እንጂ በእርሱ ምትክ አልነበረም። ጽሑፋችሁ የዘለለው ይህንኑ ነው።

ሰሞኑን ከዘጌ የመጡ አንድ አባት ከከተማችን የገዙትን የካፕሱል ካርቶን አሳዩኝ። ጽሑፉ ሁሉ በቻይንኛ ሲሆን፣ ሻጩ በእስክሪብቶ «ጠዋት 4፣ ማታ 4» ብሎ ጽፎበታል። እኚህ አባት ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን ይወስዳሉ። ለስትሮክ በብዛት የሚታዘዘው ዳንሼን የተባለው የቻይና ዕፅ ሥር ደግሞ የዋርፋሪንን ኃይል ከፍ አድርጎ ደም ሊያፈስ ይችላል፤ ካርቶኑ ውስጥ እርሱ ይኑር አይኑር ሻጩም ገዥውም አያውቁም። እስኪጣራ ድረስ እንዳይጀምሩት ነገርኳቸው።

ስትሮክ ከደም መርጋት ወይም ከደም መፍሰስ የመጣ መሆኑን የሚለየው ሲቲ ስካን ነው፤ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መርፌም በአብዛኛው ሕመሙ ከጀመረ በኋላ እስከ አራት ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ብቻ ይሰጣል። አፉ የተጣመመ፣ ክንዱ የዛለ ወይም አንደበቱ የተያያዘ ሰው ይዞ ካፕሱል ፍለጋ ገበያ የሚዞር ቤተሰብ ያንን ጊዜ ያጣዋል። ስለዚህ በሚቀጥለው እትም የትኛው ዕፅ፣ በየትኛው የስትሮክ ዓይነት፣ ከየትኛው ሕክምና ጋር እንደተሞከረ ለይታችሁ፣ የሰዓቱን ገደብም በጉልህ እንድታትሙልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ፋርማሲስት፣ ባሕር ዳር