ለአባቴ፦ ዛፍራን ስላልሆነው ዘር

ሐረር፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ።

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «ዛፍራኑ ለሻዬ የሚደርሰው መቼ ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ በችኮላ መመለስ ስላልፈለግሁ ይህን ጻፍሁልዎት። እኅቴ ከእንግሊዝ አገር የላከችው ዘር የዛፍራን፣ ማለትም የቅመሙ ተክል፣ ሳይሆን የዘመዱ፣ በአውሮፓ በመስከረምና በጥቅምት ሐምራዊ አበባ የሚያወጣው ክሮከስ ነው። የዛፍራን ክሮሞሶሞች (የዘር ባሕርይን የሚሸከሙት ጥቃቅን ክሮች) በጥንድ ሳይሆን በሦስት በሦስት የተደራጁ በመሆናቸው ተክሉ ዘር አያፈራም፤ የሚራባውም ከመሬት በታች ያለው ድቡልቡል ሥሩ እየተከፈለ ብቻ ነው። ይህን አስቀድሜ ባለመንገሬ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ዘሩን በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በሦስት የወተት ጣሳ ዘራሁት። የሐረር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከእያንዳንዱ ዘር አንዲት ቀጭን ቅጠል ብቻ ወጣች፤ ሣር ነው ብዬ ልነቅላት ስል በመካከሏ የተሰመረውን ነጭ መስመር አይቼ ተውኋት። ከዘር ተነሥቶ እስኪያብብ ሦስት ወይም አራት ዓመት ይፈጃልና እስካሁን አበባ አላየሁም።

ያስቸገረኝ ክረምታችን ነው። በትውልድ አገሩ፣ በቱርክና በካውካሰስ ተራሮች፣ ሐምሌና ነሐሴ ደረቅ ወራት ስለሆኑ ተክሉ ቅጠሉን አድርቆ ከመሬት በታች ይተኛል፤ እኔ ግን በ2016 ክረምት አንዱን ጣሳ ዝናብ ላይ ረስቼው ሥሮቹ ከአንዲት በቀር በሰበሱ። አፈሩን ስገለብጥ ከመበስበስ የተረፈች አንዲት፣ ሽምብራ የምታክል፣ ቡናማ ቆዳ የለበሰች ሥር ከጣሳው ታች ድረስ ወርዳ አገኘሁ፤ ለካስ ድቡልቡሉ ሥር ወፍራም ነጭ የሥር ጭራ እያወጣ በየዓመቱ ራሱን ወደ ታች ይስባል። ከዚያ ወዲህ ጣሳዎቹ ክረምቱን ከጣሪያ ሥር ያሳልፋሉ። አንዱን እንድልክልዎት ቢጠይቁኝም፣ ቀዝቃዛ ወቅት የሚሻ ተክል የድሬዳዋን ሙቀት አይችለውምና እዚሁ ይቆይ።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ጎረቤትዎ በፎቶ ያሳዩዎት፣ ክሮከስ የሚመስለው ኮልቺከም መርዘኛ ነው። የሪህ መድኃኒት የሆነው ኮልቺሲን የሚወጣው ከእርሱ ሲሆን መጠኑ ካለፈ ይገድላል። የአበባ ብናኝ የሚይዙት ዘንጎች በክሮከስ 3፣ በኮልቺከም 6 ናቸው። ቢሆንም ቆጥረው እንኳ ማንኛውንም እንዲህ ያለ አበባ ሻይ ውስጥ እንዳይጨምሩ።

ለሻይዎ የሚሆነውን ዛፍራን እዚህ ገበያ ፈልጌ፣ ወደ ድሬዳዋ በሚወርድ ሰው እልክልዎታለሁ።

አክባሪ ልጅዎ